ትርሲት መድረክ ላይ የነበረችበት ዘመን

ባለፈው ሐሙስ ከአንጠልያስ የፀጉር ቀለም ገዝቼ ወደ ቡርጅ ሐሙድ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሰርቪስ የኋላ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ቀድማኝ ተቀምጣ ነበር። ሰርቪስ እዚህ ቤይሩት ሰው ከመንገድ እየለቀመ የሚሄደው ታክሲ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይሄዱበታል። ሴትዮዋ ደጋግማ ታየኛለች። ቦርሳዬ ጎኗን የወጋት መስሎኝ ወደ ራሴ ሰበሰብኩት። እሷ ግን ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ «ኡም ትርሲት?» አለችኝ።

ፊቷን በደንብ ሳላየው ማን እንደሆነች አወቅሁ። በዚህ አገር ስኖር ብዙ ስም ወጥቶልኛል። ባዕብዳ ተቀጥሬ ሳለሁ ማዳሜ አስካለ ማለት ከብዷት አስካ ትለኝ ነበር፤ ልጆቿም አስካ፣ ጎረቤቱም አስካ። መንገድ ላይ ደግሞ ስም የለኝም፣ «ያ ቢንት» ነኝ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላም። ኡም ትርሲት፣ ማለትም የትርሲት እናት፣ ብላ የራሳቸውን ሴቶች በሚጠሩበት ወግ የጠራችኝ አንዲት ሊባኖሳዊት ብቻ ናት። ሳልዋ፣ የሪማ እናት።

ተሳሳምን። ቡናማ ትቀባው የነበረው ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ከሥሩም ሳስቷል። ሽቶዋ ግን አልተለወጠም፣ የብርቱካን አበባ የሚሸት፣ ከአንገት ልብሷ ከፍ ብሎ ሰው አፍንጫ ላይ የሚቀመጥ። ስለዚያ ሽቶ ነው መሰለኝ ልቤ የባከነው።

«ትርሲት እንዴት ናት?» አለችኝ። «አሁንም ትተውናለች?»

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ከአንድ ሞተረኛ ጋር ይጨቃጨቃል። እሱን የማዳምጥ መሰልኩ።

«ደህና ናት፣ ሐምዲላ» አልኳት፣ ተመስገን ለማለት።

ከዚያ በኋላ እሷ አወራች፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ሪማ። እኔ ግማሹን አልሰማሁትም። በሐሳቤ ልጄ የተማረችበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ሄጄ ተቀምጬ ነበር።

ያን ጊዜ ሰርቪስ አንድ ሺህ ሊራ ነበር። ዛሬ አንድ ሺህ ሊራ መንገድ ላይ ወድቃ ብትገኝ ጎንበስ የሚልላት የለም፤ ያኔ ግን ከቡርጅ ሐሙድ ተነስታ የትም ታደርሰን ነበር። ትኩስ ማኑሼ፣ ያ ዘዓታር የሚሉት ቅመምና ዘይት ተቀብቶ የሚጋገረው ቂጣ፣ በእሷው ይገዛ ነበር። ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋበት፣ ቀበቶ ወገብ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ የሚውልበት ዘመን ነው። የእኔ ፀጉር ቤት ያኔም ዛሬ ባለበት ጥግ ነው፣ ከአርመኑ ባስቱርማ ሻጭ ጎን። ባስቱርማ የደረቀ ሥጋ ነው፤ በአብሽ ለውሰው ስለሚያንጠለጥሉት መንገዱ በሙሉ አብሽ አብሽ ይሸታል። እሑድ እሑድ ፈቃድ የተሰጣቸው ሐበሻ ሠራተኛ ልጆች ከባዕብዳውም ከአንጠልያሱም ቤት እየወጡ ሲመጡ፣ «አስኩዬ፣ አንቺ ሰፈር ስደርስ እናቴ ጓዳ የገባሁ ይመስለኛል» ይሉኝ ነበር። ከድልድዩ ሥር ካሴት የሚሸጥ ልጅ የአገር ቤት ዘፈን ጎላ አድርጎ ይከፍታል፤ ፊት ለፊቱ ያለው አርመን ደግሞ የራሱን ይከፍትበታል፤ ሁለቱ ተደባልቀው የሚሰጡት ዜማ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሁን ካሴቱም የለም፣ ልጁም ሄዷል፣ አርመኑም ሱቁን ዘግቶ ወደ ልጆቹ ተሻግሯል። ጄኔሬተር ብቻ ነው የሚሰማው።

ትርሲት ያደገችው በዚያ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ባለው ወንበር ላይ ነው። አባቷ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ነበር፤ ነዳጅ ማደያ ይሠራ ነበር፤ ልጅቷ እግር ሳትተክል ኬላ ላይ ያዙትና ወደ አገሩ ሰደዱት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እሷም እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አደገች እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ አልነበራትም። የእኔም ኢቃማ የቆመው አንድ አርመን ሽማግሌ ዋስ ሆኖኝ በእሱ ስም ነው። ልጅቷ ግን ይህ ሁሉ የሚገዳት አትመስልም ነበር። ዓረብኛዋ የቤይሩት ልጅ ዓረብኛ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማት ሰው የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደሆነች ይነግራታል። አማርኛዋን ደግሞ ከእኔና ከደንበኞቼ ነው የለቀመችው፤ የጎንደሩንም የወሎውንም አንድ ላይ። ካስክ ሥር የተቀመጠችውን ሴት ትክ ብላ ታያትና ሴትዮዋ ሂሳቧን ከፍላ ከወጣች በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሴትዮዋን ትሆናለች። አንገቷን፣ የቦርሳ አያያዟን፣ ስልክ ስታነሳ የምትለውን «አሎ»። እንባችን እስኪመጣ እንስቅ ነበር።

ሰዎች ናቸው የነገሩን፣ ከባዕብዳ ዝቅ ብሎ ኮረብታው ላይ መንግሥት የከፈተው የቲያትር፣ የሙዚቃና የዳንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ተፈትነሽ ነው የምትገቢው ብለው። የፈተናው ቀን ሱቅ ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ያ ኮረብታ የማውቀው ነው። ማዳሜ ቤት ሳለሁ የቆሻሻ ከረጢት ይዤ የወረድኩበት መንገድ ነው። ቀይ ጣሪያ ያለው አሮጌ ሕንፃ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የጥድ ዛፍ፣ ዙሪያው የድንጋይ አጥር። ወላጆች ኮሪደር ላይ እንድንቆም ተደረገ። በሩ ገርበብ ስላለ ውስጡ ይታየኛል። ከሦስቱ ፈታኞች መሐል አንዱ፣ ኋላ መምህሯ የሆነው ኡስታዝ ናዲም፣ ሻርፕ የጠመጠመ ቀጭን ሰው፣ «የምታውቂውን አንድ ሰው አሳዪን» አላት።

ትርሲት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካስክ ሥር ያለች ሐበሻ ሠራተኛ ሆነች፤ ማዳሟ ስልክ ደውላባታለች። በተሰባበረ ዓረብኛ፣ «ማዳም፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ናት። ይሄ ድምፅ? ይሄ ሕዝቡ ጸሎት ነው» ትላለች፤ በአፏ ደግሞ የካስኩን ጉምጉምታ ታሰማለች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ማዳሟን ትሆናለች፣ በፈረንሳይኛ የተቀባ ዓረብኛ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ «ኦ ሞን ዲዩ፣ አምላኬ፣ ይሄ ሁሉ ሰዓት ነው የሚጸለየው?» ፈታኞቹ ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ። አንደኛዋ ሴት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ርእሰ መምህሯ፣ ሙዲራ የሚሏት፣ ኢቃማ እንደሌላት ሲነገራት፣ «እስኪመጣ ትማር» ብላ አስገባቻት።

ያን ቀን ስንወርድ በደስታ ሰርቪስ መያዝ ረስተን ግማሹን መንገድ በእግራችን ሄድን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ያላየሁት አንድ ነገር ነበር። ፈታኞቹ ፊት ሁለት ሴቶችን ነው የሆነችው፤ ትምህርት ቤቱ የወሰደው አንዷን ብቻ ነው። ማዳሟን ለሌላ ልጅ ሰጡ።

ሳልዋን የተዋወቅኋት አጥሩ ላይ ነው። ሌሎቹ ወላጆች በመኪና መጥተው ልጃቸውን ጭነው ይሄዳሉ፤ መኪና የሌለን እሷና እኔ ነበርን። ልምምድ በተራዘመ ቁጥር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጠብቃለን። እሷ አንጠልያስ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በሰው ልብስ ስፌት ነው ሪማን ያሳደገችው። አንገቱ ላይ ፀጉር ያለው የግመል ቀለም ካፖርት ነበራት፤ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ግማሹን አንጥፋ፣ «ነይ እዚህ ላይ» ትለኛለች። የዱባ ፍሬ እንፈለፍላለን። ስለ ልጆቻችን እናወራለን። ሪማ ጥሩ ልጅ ነበረች፣ ለስላሳ፣ ቆንጆ፤ መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ትደነግጣለች፤ ትርሲት ናት እጇን ይዛ የምታለማምዳት። ሳልዋ ታመሰግነኝ ነበር፤ ልጄ ላደረገችው እኔን።

ዓረብኛዬንም ታርመኝ ነበር። እኔ ዓረብኛ የተማርኩት ከማዳሜ አፍ ነው፤ ማዳሜ ደግሞ የምታናግረኝ እኔን ነው፣ ሴቲቱን። አምጪ፣ ጥረጊ፣ አንቺ፣ ነይ። ለወንድ እንዴት እንደሚባል ማን ያስተምረኝ? እናም ሹፌሩንም ቄሱንም ፖሊሱንም «ኢንቲ» እላለሁ፣ አንቺ። ሳልዋ እየሳቀች፣ «ኢንታ በይ፣ ኡም ትርሲት፣ ወንድ ነው» ትለኛለች። እሺ እላለሁ፤ በማግስቱ ያው ነኝ። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ትርኢት አለ ተባለ። ትርሲት ምን ሆና እንደምትጫወት አልነገረችኝም። «ስትመጪ ታያለሽ፣ ማማ» አለችኝ። እኔም የሐበሻ ቀሚሴን አውጥቼ ተኮስኩ፣ ፀጉሬን እሑድ የምትረዳኝ ልጅ ሠራችኝ፣ ሳልዋ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ያዘችልኝ። መጋረጃው ተከፈተ። ሳሎን ነው፤ ጢም የተሳለበት ልጅ ጋዜጣ ያነባል፤ ሪማ ማዳሟ ናት። ከዚያ በጎን በኩል ትርሲት ገባች። ትሪ ይዛለች። ነጭ ኮሌታ ያለው ሮዝ ዩኒፎርም ለብሳለች፣ እኔ ባዕብዳ የለበስኩት ዓይነት። ባለጢሙ ፊት ቆመችና፣ «አንቺ ሚስተር፣ ርቦሻል?» አለችው።

አዳራሹ ፈነዳ። ትርሲት ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ እግሯን ትንሽ ጎተት አድርጋ፣ «አንቺ ሚስተር ሱሪሽን እኔ ተኩሷል» አለች። እግሩ መጎተቱም የእኔ ነው፤ ክረምት ሲሆን ቁርጭምጭሚቴን ያመኛል። ድምፁም የእኔ ነው። ትንፋሼ ሳይቀር። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ወገባቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሳልዋም ሳቀች፣ በክፋት አይደለም፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ግሩም ናት፣ ልክ አንቺን» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈራል።

ስንመለስ ሰርቪሱ ውስጥ አላወራንም። ዶራ ስንደርስ ወርደን መንገድ ስናቋርጥ፣ «ተቆጣሽ?» አለችኝ።

«አልተቆጣሁም።»

«ሰው ሁሉ ሳቀ እኮ።»

«ሰማሁ።»

«ማማ፣ ኡስታዝ ነው እንዲህ አድርጊው ያለኝ። ሌላ ነገር ሳሳየው፣ አይ፣ የፀጉር ቤቷን ሠራተኛ አድርጊልኝ አለኝ። ከዚያ ጨምሪ ጨምሪ ይለኛል።» ወደ ማዶ ስንደርስ፣ «የሳቁት አንቺን አይደለም፣ እኔን ነው» አለች።

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት። እውነቴን ነው። እዚያ መድረክ ላይ ከነበሩት ሁሉ ዓይን የምትይዘው እሷ ነበረች። እኔ ይህች ልጅ ትሪ እንዳትሸከም ብዬ ስንት ዘመን የሰው ፀጉር ስጎነጉን እንደኖርኩ ግን አልነገርኳትም፤ እሷም ታውቀዋለች።

በሁለተኛውም ዓመት ሠራተኛ ሆነች። ሌላ ቲያትር፣ ያው ዩኒፎርም። የትምህርት ቤቱ ወላጅ ሁሉ ያውቃት ጀመር፤ በር ላይ ሲያዩዋት፣ «አንቺ ሚስተር» ብለው ይስቁላታል፣ ጉንጯን ይቆነጥጧታል። ይወዷት ነበር፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ በሐሰት አልናገርም። ክብረ በዓል ሲሆን ቸኮላት ይሰጧታል።

በሦስተኛው ዓመት፣ በመጨረሻው፣ ናዲም አንድ ከባድ ቲያትር መረጠ። ልጇ በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የቀረባት የተራራ መንደር እናት ታሪክ ነው። የእናቲቱን ክፍል ሁሉም ሴቶች ልጆች ተፈተኑበት፤ ትርሲትም ማንም ሳይጠራት ገብታ ተፈተነች። ናዲም ሰጣት። ያን ቀን እየሮጠች ሱቅ ገብታ ካውያው እጄ ላይ እያለ አቅፋኝ አንገቴን ልታቃጥለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሱቅ ውስጥ ትለማመዳለች። አንድ እሑድ ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተው ሳለ መስታወቱ ፊት ቆማ ያቺ እናት ወደብ የሚወርድ መንደርተኛ ባየች ቁጥር «ልጄን አይተኸዋል?» የምትለውን ተናገረች። በዓረብኛ ነው፤ የተራራ ሰው ዓረብኛ፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ካስኩን አጠፋነው። የተቀመጡት ደንበኞቼ ልጆቻቸውን አገር ቤት ጥለው የመጡ ናቸው። ፀጉራቸው ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ ተሠርቶ፣ ዝም ብለው አለቀሱ።

ትርኢቱን ለማየት ከሚኒስቴር ሰው እንደሚመጣ ሲወራ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሙዲራዋ የወላጆች ስብሰባ ጠራች። አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ልጆቹ ወንበር ይደረድራሉ። አንድ ከረቫት ያሰረ አባት ተነስቶ፣ ሁላችንም ትርሲትን እንወዳታለን፣ ግን የሊባኖስ መንደር እናት ጥቁር ሆና ታይታ ታውቃለች ወይ፣ እንግዳው ቀልድ ይመስለዋል አለ። ሌላዋም እንዲሁ። ናዲም፣ «ከሁሉም የተሻለችው እሷ ናት» አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ከዚያ ሳልዋ ተነሳች። አጠገቤ ነው የተቀመጠችው። «እንደ ልጄ ነው የምወዳት» አለች፤ «ስለምወዳት ነው የምናገረው። ሰው ይስቅባታል። እሷን ነው የሚጎዳት።» ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ከትርሲት ቀጥሎ በፈተናው የተሻለችው ሪማ እንደነበረች ሁላችንም እናውቃለን።

እጄን አስለቀቅሁና ተነሳሁ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ወደ ናዲም ዞሬ፣ «ኡስታዝ፣ አንቺ ነሽ የመረጥሻት» አልኩት። «አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ንገሪያቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አምልጦት ፍፍ አለ። ቀሚሴ የተቀደደ መስሎኝ ዳበስኩት። «ልጄ ሌት ተቀን እሷ ለፍቷል» አልኩ። ሳቁ ወደ ግራ በኩል ተዛመተ። አንዲት እናት አፏን በመሐረብ ያዘች፤ ልትከለክለው እየታገለች ነው፣ አልሆነላትም። ያኔ ገባኝ። የሰሙት እኔን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቲኬት ቆርጠው የሳቁበትን ድምፅ ነው የሰሙት። ያ ድምፅ አፉን ሲከፍት መሳቅ ለምደዋል፤ እኔ ምንም ብናገር፣ ብለምን፣ ባለቅስም ያው ነው። ከረቫት ያሰረው አባት እንኳ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ከንፈሩን ነክሷል። ናዲም ጫማውን ያያል።

ንግግሬን አልጨረስኩም። ተቀመጥኩ። ቀና ስል ትርሲት መጋረጃው ጥግ ወንበር ታቅፋ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች። ወንበሩን ቀስ ብላ አስቀመጠችና መድረኩን ተሻግራ መጣች። ለናዲም፣ «ኸላስ፣ በቃ ኡስታዝ፣ ለሪማ ስጣት» አለችው። በዚያ በሚያምር የቤይሩት ዓረብኛዋ።

ሪማን ያሠለጠነቻት እሷ ናት። ያን ሰሞን ሁሉ ሱቄ ጓዳ ውስጥ፣ «እዚህ ላይ አታልቅሺ፣ እዚህ ላይ ጠብቂ» ስትላት እሰማ ነበር። የትርኢቱ ዕለት ትርሲት አልሄደችም። የሱቁን ፎጣ ሁሉ አጥባ ሰገነት ላይ አሰጣች። በማግስቱ ሳልዋ ካርቶን ሙሉ ባቅላዋ ይዛ መጥታ፣ ሪማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትርሲት እንዳሳየቻት አደረገች፣ ከሚኒስቴር የመጣው ሰውዬ አለቀሰ አለችኝ፤ እሷም አለቀሰች። ትርሲት ባቅላዋውን ለደንበኞች አዞረችው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። የመጨረሻው ፈተና ቀርቦ ነበር፤ ያለ ኢቃማ ለፈተና አይመዘገቡም ሲባልም ሰምተናል፤ አንዱ ባይሆን ሌላው ያስቀራት ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ መጽናናት ከተባለ።

ፀጉር ቤት ውስጥ ማንንም መሆን ተወች። ደንበኞች፣ «ትርሲ፣ እስቲ ያቺን ወፍራሟን» ሲሏት፣ «ረስቻታለሁ» ትላለች። ጥቂት ዓመት አብራኝ ሠራች፤ ከዚያ ሥራው ለሁለት ሰው አልበቃ ሲል በሰዓት ቤት ማጽዳት ጀመረች፣ ቀጥሎም ባዕብዳ አንድ ቤት አዳሪ ሆና ገባች። በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ኖረች። አንድ ቀን ማዳሟን በስልክ ስታናግር ሰማኋት። ዓረብኛዋ ተሰባብሯል፤ ወንዱም ሴቱም አንቺ ነው። ስልኩን ስትዘጋ፣ «ለምንድን ነው እንዲህ የምታወሪው?» አልኳት። «እንደ እነሱ አጥርቼ ስናገር፣ የት ተማርሽ፣ የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል» አለችኝ። «እንዲህ ሳወራ አይጠይቁኝም።» ያን ጊዜ መድረክ ላይ ስትሆነው ሰው ይስቅ ነበር። አሁን የሚስቅ የለም፤ እውነት ነው ብለው ተቀብለውታል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሰርቪሱ ውስጥ ሳልዋ ይህን ሁሉ አታውቅም። ሪማ ፈረንሳይ ናት አለችኝ፤ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ ቲያትር ድሮ ነው የተወችው፣ ልጆቿ እናታቸው መድረክ ላይ ወጥታ እንደምታውቅም አያምኑም። «ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር፣ ኡም ትርሲት?» አለችኝ። ቦርሳዬን ሰብስቤ መውረጃ ለቀቅሁላት። ስትወርድ ግን ክንዴን አልለቀቀችም። «ብቻዬን ነኝ» አለች። «ሌሊት ብወድቅ የሚያነሳኝ የለም። ጥሩ ልጅ የምታውቂ ከሆነ፣ የምታምኛት፣ ከእኔ ጋር የምታድር...» የሱቄን ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝ። ቁጥሩን የጠየቀችው በእውነት ቸግሯት ነው፤ ዓይኗ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም። ሰጠኋት።

ለትርሲት መገናኘታችንን ነገርኳት፤ ሳልዋ ሰው እንደምትፈልግ ግን አልነገርኳትም። የባዕብዳ አሠሪዎቿ ቤቱን ሸጠው ከአገር ከወጡ ሁለት ወር አልፏል፤ ትርሲት እኔ ጋ ናት፤ ሥራ ትፈልጋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ሲጮህ እጄ ቀለም ነበር፤ እሷ አነሳችው። ሳልዋ መሆኗን ከትርሲት ፊት አወቅሁ። ትርሲት ረጅም ጊዜ ሰማቻት። ከዚያ፣ «ስንት ክፍል ነው?» አለች፤ «እሑድ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ልወጣ እችላለሁ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምንም የለም።

ስልኩን ስታስቀምጥ፣ «ተይው» አልኳት። «ሌላ ቤት ይገኛል። እሷ ጋ አትሂጂ።»

«ምን ልዩነት አለው፣ ማማ? አሮጊት ናት፣ ልጅ የላት፣ ውሻ የላት። ሥራው ቀላል ነው።»

«ትርሲት።»

«እንደምታውቀኝ ሆና አታናግረኝ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አለች። «ነግሬያታለሁ። እሺ ብላኛለች።»

ደንበኛዬን ከሸኘሁ በኋላ መጥታ መስታወቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታችው። ከፊት በኩል ሽበት ጀምሯታል፣ አላየሁትም ነበር።

«ሹሩባ ሥሪኝ» አለችኝ። «አጥብቂው፣ ቶሎ እንዳይፈታብኝ። ሰኞ ነው የምገባው።»

ማበጠሪያውን አነሳሁ። ጭንቅላቷን ወደ ፊት ዘንበል አድርጋ ጠበቀችኝ። አጥብቄ ሠራኋት።